ጥፋተኛ ፍለጋ የወጣ አባት

«አንድ ሰው ነበረ፤ ልጁ ታማ ተኝታ ሳለ ጥፋተኛ ፍለጋ ከቤቱ የወጣ።»

ሼህ ይማም ለእንድሪስ የነገሩት ምሳሌ በዚህ ይጀምራል። እንድሪስ ግንበኛ ነው። ያን ዕለት ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ሰዉ ሲበተን እሱ ብቻውን ቀረና ከመስጊዱ በር አጠገብ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ከሽማግሌው ጎን ተቀመጠ። ጫማው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነበረበት። አንገቱን ደፍቶ ጥያቄውን አወጣው።

ሚስቱ ሞሚና የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለደች ብዙ ጊዜ አልሆናትም። ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ አልጠነከረችም። ጡት ስትጠባ ትደክማለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሆስፒታል ሲወስዷት ልቧ ላይ ሲፈጠር ያልተዘጋ ቀዳዳ እንዳለ ተነገራቸው። ምክንያቱ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም የክሮሞዞም ችግር ነው ተባሉ። የእንድሪስ እናት ይህን ስትሰማ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» አለች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

«ሼህዬ፣ እኔ ማወቅ የምፈልገው ይሄ ነገር ከማን እንደመጣ ነው» አለ እንድሪስ። «ከእኔ ነው ከእሷ? ከእሷ ከሆነስ ወደ ቤተሰቦቿ ብመልሳት አላህ ዘንድ ወንጀል ይሆንብኛል?»

«ልጅቱ አሁን የት ነች?» አሉት።

«ሆስፒታል ተኝታለች።»

«ከማን ጋር?»

«ከእናቷ ጋር።»

ሼህ ይማም አላዘኑበትም፣ አልተቆጡትምም። ያን ጥፋተኛ ፍለጋ የወጣ ሰው አነሱ። ከዚህ በኋላ ያለው ቃል የእሳቸው ነው።

አንድ ሰው ነበረ። በርበሬ ነጋዴ ነው። ከገጠር ገበያ እየገዛ ወደ ትልልቁ ከተማ ይልካል፤ ቤቱና መጋዘኑ በአንድ ግቢ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ከወዲሁ ያዝልኝ። ጠንቃቃ ነበር። ጆንያ አስፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ከሰደደ እርጥብ የቀላቀለበት ማን እንደሆነ፣ አፈር የጨመረበት የየትኛው መንደር ገበሬ እንደሆነ ሳይሳሳት ይናገራል። ነገር ከተበላሸ ያበላሸው ሰው አለ ብሎ ያምን ነበር። በንግዱ ይህ እምነት ጠቅሞታል። ሰውም የሚያከብረው በዚህ ነው።

ያገባው ዘግይቶ ነው። ሚስቱን ያመጣት ከሩቅ፣ ከደጋ አገር ነበር። ዝግ ብላ የምትናገር፣ እጇ ከሥራ የማይለይ ሴት ነበረች። ልጅ ቶሎ አልመጣላቸውም። እሷ ተስፋ ወደ መቁረጡ ስትደርስ ፀነሰች፣ ሴት ልጅም ወለደች። አባትየው በጆሮዋ አዛን አሰማ፤ በሰባተኛው ቀን ለልደቷ የሚታረደውን አቂቃ አርዶ ጎረቤት አበላ፤ ስሟንም ዙበይዳ አላት። በዚያ ቀን ሲስቅ ያዩት ሰዎች ጥርሱን ያየነው ገና ዛሬ ነው አሉ።

ሕፃኗ ግን አላማረባትም። ለቅሶዋ ከክፍሉ አይወጣም። እጇን ስትጨብጥ ጣቶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ይነባበራሉ፤ ቢያፍታቷቸውም ይመለሳሉ። ጡት ስትይዝ ጥቂት ሳብ ሳብ ታደርግና ትታው ትተነፍሳለች፤ ግንባሯ ላብ በላብ ይሆናል። እናቷ ይህን አየች። አባትየው «ትንሽ ሆና ስለተወለደች ነው፤ ታድጋለች» አለ። እናቲቱ አልተከራከረችውም፤ ማየቷንም አልተወችም። አንድ ቀን ጠዋት የልጅቱ ከንፈር ወደ ሰማያዊነት ሲለወጥ አቅፋት ወጣች። እሱ ተከተላት።

የአገራቸው ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሰደዳቸው። ሆስፒታሉ ደግሞ ሪፈር ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው። እዚያ የሕፃናት ልብ የምታክም አንዲት ሐኪም በማሽን ልጅቱን አየቻት፤ ደሟንም ለምርመራ አስወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም አስቀምጣ በረጋ ድምፅ ነገረቻቸው።

«የሰው አካል ሲፈጠር በእያንዳንዷ ቅንጣቱ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ክሮች ይኖራሉ» አለች። «ገሚሱ ከእናት፣ ገሚሱ ከአባት ነው። አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያዙት እነሱ ናቸው። በልጃችሁ ላይ አንድ ክር ትርፍ ሆኗል። ጣቶቿ እንዲህ የሆኑት ከዚያ ነው። በልቧ መካከል ያለው ግድግዳ ሳይዘጋ የቀረውም ከዚያ ነው። ደሟ በማይገባው መንገድ እያለፈ ሳንባዋን ያጥለቀልቀዋል፤ የምትደክመው ለዚህ ነው።»

«ትርፉ ከማን ነው የመጣው?» አለ ነጋዴው።

«ማንም አላመጣውም። ፅንሱ ሲጀመር በአከፋፈሉ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። የበላችሁት አላመጣውም፤ የሠራችሁትም አላመጣውም።»

«ትርፍ ካለ የጨመረ አለ» አለ ነጋዴው።

ሐኪሟ እንዲህ የሚል አባት ከዚህ በፊትም ገጥሟት ይሆናል፤ አልተከራከረችም። «ለእርግጠኛነቱ የሁለታችሁንም ደም እናስመረምራለን፤ ጊዜ ይወስዳል» አለችና ወደሚቀጥለው ነገር ሄደች። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ቶሎ እንደሚሄዱ፣ የሚቆዩም እንዳሉ፣ የዙበይዳን ዕድሜ ግን እሷ ልትነግራቸው እንደማትችል ሳትደብቅ ተናገረች። ክብደት ከጨመረች ወደ ሳንባዋ የሚፈሰውን ደም የሚቀንስ ቀዶ ጥገና ሊሞከር ይችላል። ካልጨመረች ሰውነቷ አይችለውም። ወተቱ ታልቦ በሲሪንጅ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣት፤ ስትወስድም ቀና ብላ ትያዝ፤ ከወሰደችም በኋላ ቶሎ አትተኛ። መድኃኒቷ ደግሞ ከሰዓቱ እንዳያልፍ።

«ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «አንዳችሁ ስትይዟት አንዳችሁ ስጧት። ስትደክሙ ተቀያየሩ።»

እናቲቱ እያንዳንዱን ቃል ያዘች። ነጋዴው ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ትርፍ» የሚለውን።

ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጥቂት ቀን አብሯት ያዘ። ነገር ግን ልጅቱን ሲይዛት ዓይኑ ጣቶቿ ላይ ይሄዳል፤ ሐሳቡ ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። አንድ ቀን ለሚስቱ «ደርሼ ልመጣ ነው» አላት።

«የት ትሄዳለህ?»

«የምጠይቀው ነገር አለኝ።»

«የልጅቱን ወተት ብቻዬን አልችለውም» አለችው።

«ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ታላቅ እህቱ ቤት ነው። በዘራችን እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቃት። እህቱ የሚጠብቀው መልስ ምን እንደሆነ ከፊቱ አነበበችና «ኧረ የለም» አለችው። ደግሞ አልጠየቃትም። ያ ለጆንያ ሁሉ ክንዱን የሚሰድ ሰው የራሱን ጆንያ ከላይ ዳሰስ አድርጎ ተወው።

ከዚያ ወደ ሚስቱ አገር ሄደ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ መኪና ከሚያቆምበት በላይ በእግር ይወጣል። አማቶቹ ለልጁ ምርቃት ሊቀበል የመጣ መስሏቸው በደስታ ተቀበሉት። እሱ ግን ዘር ማጣራት ጀመረ። የሞቱትን ልጆች ጠየቀ፤ ሳይራመዱ የቀሩትን፣ ሳይናገሩ የቀሩትን ጠየቀ። የሚስቱ አጎት፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ ነገሩ ሲገባቸው «ልጄ፣ ልጅ ያልቀበረ ቤት አሳየኝና እኔም የእኛን ቤት እቆጥርልሃለሁ» አሉት። እሱ ግን ቤት ለቤት መዞሩን አልተወም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት፣ የሚስቱ አያት እህት እግሩ የተጣመመ ልጅ ወልዳ እንደነበረ አስታወሰች። ልጁ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ በእርጅና ነው የሞተው። ነጋዴው የኋላውን አልሰማም። የተጣመመውን እግር ብቻ ይዞ ወረደ።

ይህም አልበቃውም። ከመንገድ ዳር ሰው የሚጎርፍለት ጠንቋይ እንዳለ ሰምቶ ወደዚያ ታጠፈ። ሐራም እንደሆነ ያውቃል። ሰው ግን ሲጨንቀው የሚያውቀውን ደጅ አቁሞ ይገባል። ጠንቋዩ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «ከአጥርህ ማዶ ያለች ሴት፣ ባል የሌላት፣ ዓይኗ ከልጅህ ላይ አርፏል» አለው። ከአጥር ማዶ ሴት የሌለችበት ግቢ የት አለ? ነጋዴው ግን አንዲት ብቻ ነበረች የታየችው። በእርግጥም ባሏ የሞተባት አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት ነበረቻቸው፤ ከጓሮዋ ድንችና ጎመን እየሸጠች የምትኖር።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት ጥፋተኛ ይዞ ነበር፤ የሚስቱን ዘርና የጎረቤቱን ዓይን። ደስ ብሎታል አልልህም። ግን እጁ ባዶ ሆኖ ከሚሄድ ሰው የሚጨብጠው ያገኘ ሰው ይቀለዋል። መንገድ ለመንገድ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር። ለሚስቱ «ወገኖችሽን ጠይቄ መጣሁ» ይላታል። ጎረቤቲቱን ደግሞ በሰው ፊት አቁሞ ያዋርዳታል፤ ከሰፈሩ እስክትለቅም አይተዋትም።

እሱ በሌለበት የሆነውን አሁን ስማ።

እናቲቱ ብቻዋን ቀረች። በአንድ እጅ ልጅ ቀና አድርጎ ይዞ በሌላው ሲሪንጅ መግፋት አይሆንም። የልጅቱ አንገት ይደፋባታል፤ ትን ይላታል፤ የታለበው ወተት ይፈሳል። ጎረቤቲቱ የልጅቱን ሳይሆን የእናቲቱን ለቅሶ በአጥሩ ሰማች። መጣች። ምን ሆንሽ አላለቻትም፤ «ማንኛውን ልያዝልሽ?» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንቿን ጠዋት ሸጣ ትመጣና አንዷ ስትይዝ አንዷ ትሰጣለች። አንዷ ስታሸልብ ሌላዋ ትቀመጣለች። ልጅቱ ጉንጯ ትንሽ ሞላ። አንድ ቀን ጎረቤቲቱ አቅፋት ሳለ፣ በአፏ እንደ ማንጎራጎር ስትልላት ዙበይዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እናቲቱ በእጇ የያዘችውን ጣል አድርጋ ሮጠች። ሁለቱ ሴቶች ደግማ እንድታሳያቸው አጎንብሰው ቆዩ። በዚያ ሰዓት አባቷ የትኛው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ስለ የትኛው ሟች እየጠየቀ እንደነበረ አላህ ያውቃል።

ነጋዴው ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በሩን ገፍቶ ገባ። ሚስቱ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ተቀምጣ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። ከእሷ ፊት ለፊት፣ በእሱ ቤት፣ በእሱ ወንበር ላይ ያቺ ጎረቤት ዙበይዳን ደረቷ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች።

አፉን ከፈተ። ሴትዮዋ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ» አለችው በሹክሹክታ። «እናቷ ገና አሁን ነው ያሸለባት። እሰይ እንኳን መጣህ። እንካ ያዛት፤ ወተቷ ደርሷል፣ ላምጣ።»

ተነሥታም ልጁን ሰጠችው። ለምን እንደመጣ አልጠየቀችውም። የቆመ አባት አየች፤ ልጁን ሰጠችው። እሱም የመጣበትን ነገር ሳይናገር እጁ ተዘረጋ።

«ቀና አድርገህ» አለችው። «አንገቷን ደግፍ። እንደሱ።» ወጣችም።

ቆሞ ቀረ። መዳፉ ከልጅቱ ደረት ላይ አርፎ ነበር። የልቧ ምት ተሰማው። ምቱ ብቻም አይደለም፤ በምቱ መሃል የሚርገበገብ ነገር ነበረ፣ ወንዝ በጠባብ ድንጋይ መካከል ሲሽሎከሎክ እጅህን ብትከት እንደሚሰማህ ያለ። ሐኪሟ የነገረችው ይህ ነበር። ያን ሁሉ አገር የዞረበት ነገር በመዳፉ ሥር ነበር። የማንም ስም አልተጻፈበትም። ልጅቱ ዓይኗን ገልጣ ወደ ላይ አየችው፤ ሰውየው እንግዳ ሆኖባት ፊቷ ሊያለቅስ ተሰበሰበ። ጎረቤቲቱ ከጓዳ ስትመለስ፣ ድምጿን ስትሰማ ነው የተፈታው።

ያ ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ተሸንፎ ያውቅ ይሆናል። እንዲህ ግን አልተሸነፈም። ወንበሩን በእግሩ ሳብ አደረገና ተቀመጠ። ጎረቤቲቱ ከጎኑ በርከክ ብላ ሲሪንጁን በጥቂት በጥቂቱ ትገፋ ጀመር። እሱ ያዘ፤ እሷ ሰጠች።

ሚስቱ ስትነቃ እንዲያ ሆነው አገኘቻቸው። የት እንደሰነበተ ታውቃለች፤ ከአገሯ ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ጎረቤቲቱ ወደ ቤቷ እስክትሄድ ጠበቀችና ዝግ ባለው ድምጿ «ታዲያ ከማን ሆኖ ተገኘ?» አለችው።

«የእኔ ናት» አላት።

«እኔ የጠየቅኩህ ስለ በሽታው ነው።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ የማውቀው ግን የእኔ መሆኗን ብቻ ነው።»

ሌላ ነገር አልጠየቀችውም። ይቅር ያለችው በዚያ ሰዓት አይደለም፤ ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን በአንድ ቃል ይቅር ትላለች ብዬ አልዋሽህም። ቀስ እያለ ነው የመጣው፣ እሱ ሲሪንጅ ሲያጥብ እያየችው፣ መድኃኒቱን ሲለካ እያየችው። የበርበሬው ብናኝ ልጅቱን ያስላታል ብሎ ከመጋዘን ሲመለስ በግቢው በር ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ ይገባ ጀመር። ኋላም መጋዘኑን ጨርሶ ከግቢው አወጣው። ዙበይዳ የሚታጠብበትን ውሃ ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ወደ በሩ ማዞር ለመደች።

የልጅቱ ክብደት ጨመረ። ወደ አዲስ አበባ ወሰዷት፤ ወደ ሳንባዋ የሚሄደውን የደም መንገድ በቀዶ ጥገና አጠበቡላት። አልዳነችም፤ ቀለላት። የወላጆቿ የደም ውጤትም በዚያው ሰሞን መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና በሁለቱም ላይ ምንም እንዳልተገኘ ነገረቻቸው፤ ከእሱም አይደለም፣ ከእሷም አይደለም። ነጋዴው ሰማና «ስፌቷ ሳይደርቅ ማጠብ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ሲመጣ ጥያቄው ትቶት ሄዷል።

ዙበይዳ አልተራመደችም። ቃልም አልተናገረችም። ድምፅ ታውቅ ነበር፤ በጣም ትስቅ ነበር። በሁለተኛ ዓመቷ ክረምት ጉንፋን ይዟት ሳንባዋ ላይ ወረደ። ሆስፒታል አደረሷት፤ ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉላት። የሞተችው በአባቷ እጅ ላይ ነው፣ ቀና ብላ፣ አንገቷ ተደግፎ።

ጀናዛዋን ያሰገድኩት እኔ ነኝ። በለቅሶው፣ በተዕዚያው ሰሞን ሰው ሲቀልል ሰውየው ከጎኔ ተቀምጦ የነገርኩህን ሁሉ ነገረኝ። ለጎረቤቲቱም ስለ ጠንቋዩ ነግሯት ነበር፤ ሊደብቃት አልፈለገም። እሷም «የጠንቋዩ ወሬ አንተን ቀድሞ ደርሶኝ ነበር። ግን ያን ቀን የልጅቱ ወተት ሰዓቱ ደርሶ ነበር» አለችው። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ያለውን ክብር በምን እንደምነግርህ አላውቅም።

«በቀዶ ጥገናው አልጸጸትም» አለኝ። «በድካሙም አልጸጸትም። በመሞቷ እንኳ አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ እላለሁ። አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። የመጀመሪያ ሳቋን አላየሁም። ሁለቱንም ሴቶች እየደጋገምኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከንፈሯ በየት በኩል ጀመረ፣ ዓይኗስ እንዴት ሆነ እላቸዋለሁ። ይነግሩኛል። ደክሟቸው አያውቅም። እኔ ግን የነገሩኝን እንጂ ያየሁትን የለኝም።»

ሼህ ይማም እዚህ ላይ አቆሙ። እንድሪስ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አድርጎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ።

«እንድሪስ ልጄ፣ ያ ነጋዴ አንተ ነህ። ከእሱ የምትለየው እሱ ብዙ አገር ዞሮ መመለሱ ነው፤ አንተ ገና ከእኔ ደጅ ነው የደረስክ። ስለዚህ መንገድህ አጭር ነው። ዕውቀት መፈለግ ወንጀል አይደለም። ይህ ነገር ከምን እንደመጣ ሐኪሞቹን ጠይቅ፤ ለሚመጣውም ልጅ ይጠቅምሃል፤ ደምህን ስጣቸው ይመርምሩት። ነገር ግን ያን የምታደርገው ልጅህን ይዘህ፣ ከሞሚና ጎን ተቀምጠህ ነው። ሞሚናን ብመልሳት ወንጀል ይሆንብኛል ወይ ብለኸኛል። እኔም ልጠይቅህ፤ አንዲት ሴት ሕፃን ይዛ ወተት ስትሰጥ፣ አልችለውም እያለች፣ የሁለተኛውን ሰው እጅ ከጎኗ የወሰደ ምን ይባላል? እናትህንም አልከስሳትም፤ ፈርታ ነው። ሰው ሲፈራ ከአጥሩ ማዶ ማየት ይቀለዋል።»

«ሐኪሞቹ ልትቆይ አትችልም ቢሉኝስ?» አለ እንድሪስ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ይሉህ ይሆናል። እውነት ሊሆንም ይችላል፤ እኔ የማላውቀውን ተስፋ አልሰጥህም። እንደዚያ ከሆነ ግን እዚህ መቀመጥህ ምንድን ነው?»

እንድሪስ ከመደቡ ተነሣ።

«ሄጄ ሞሚናን ምን እላታለሁ?»

«ዛሬ ምንም አትበላት። ልጅቱን ተቀበላትና እሷ ትተኛ። ይህ ያመጣህ ጥያቄ አይሞትም፤ ብታቆየው ይቆይልሃል፣ ከርሞም ብትፈልገው ታገኘዋለህ። ልጅህ ግን አሁን ወተት ትፈልጋለች፤ የሚይዛት ሰው ደግሞ አንድ ጎድሏል።»